ስም ያልወጣለት ስሕተት

ከእንጦጦ ጋራ ወደ ከተማው ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ሁለት ስሞች ይቀበሉታል። አንደኛው ዙሪያውን የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ መጥቶ ተራራውን የወረሰው ይህ ዛፍ የዕፅዋት ሊቃውንት ያወጡለት የራሱ ስም ነበረው። ሕዝቡ ግን ያንን ስም አልጠየቀም፤ ከየት እንደ መጣ አይቶ «ባሕር ዛፍ» አለው፤ ስሙም እንደ ዛፉ ሥር ሰደደ። ሁለተኛው ከተራራው ግርጌ ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። እዚህ ላይ ሕዝቡ ለትርጉም አልተጨነቀም። ባዕዱን ቃል እንዳለ ተቀብሎ፣ በአማርኛ አፍ ገርቶ የሰፈር ስም አደረገው። ለጋሲዮን የሚለው ቃል በዲፕሎማሲው ዓለም ለኤምባሲ ቦታውን ከለቀቀ ብዙ ዘመን ቢሆነውም የታክሲው ረዳት ዛሬም የሚጣራው በዚያው ስም ነው። አማርኛ ለእንግዳ ነገር ስም የሚያወጣባቸው ሁለቱ መንገዶች፣ መፍጠርና መግራት፣ በአንድ ተዳፋት ላይ እንዲህ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ሁለቱም መንገዶች እስካሁን ያልደረሱለት አንድ እንግዳ ነገር ግን አለ። በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በእጅ ስልኩ ለጓደኛው የሚጽፍ ወጣት «በጣም» የሚለውን ቃል «በጣምምም» ብሎ ይጽፋል። «እሺ» ማለት ሲሰለቸው «እሺሺሺ» ይላል። የአያቱን አነጋገር ሲያስታውስ «ከዚህ» የሚለውን ትቶ «ተዚህ» ይላል። ስለ ሞት የሚጽፍ እንደሆነ ደግሞ በቃሉ መካከል ኮከብ ሰንቅሮ «ሞ*ት» ብሎ ይልካል። ይህ ወጣት ፊደል የቆጠረ ነው፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይናገራል። የሚሳሳተው እያወቀ ነው። የሚጽፍለትም ሰው ይህንኑ ያውቃል። ታዲያ ይህ እያወቁ መሳሳት በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄው የቃላት ሱሰኞች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጉዳዩን ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ወስዶ ይመልከተው። የመምህራን መፍለቂያ በሆነችው በኮተቤም ሆነ በሌላ ቦታ የሠለጠነ የአማርኛ መምህር በእጁ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «የፊደል ግድፈት» ነው። ተማሪው በድርሰቱ ውስጥ የአንድን ሰካራም ንግግር ለማስመሰል ቃላቱን ቢያንጋድድ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣል። ሌላው ተማሪ በእጅ ስልክ ልማድ ተሸንፎ ማመልከቻ ላይ «በጣምምም» ብሎ ቢጽፍ ያው ቀይ እስክሪብቶ ይነሣል። ሁለቱን የሚለይ ቃል ስለሌለ ሁለቱን የሚለይ ፍርድም የለም። ሂስ የሚጀምረው ከመለየት ነው፤ መለየት ደግሞ ያለ ስም ሩቅ አይሄድም።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር ቀድሞ ታይቷል። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኝበት የሩሲያውያን ታሪክ ነው። በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መባቻ (እ.ኤ.አ.) በኮምፒዩተር መረብ ላይ የሚጽፉ ሩሲያውያን ወጣቶች ቃላትን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል መጻፍ ፈሊጥ አደረጉ። ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም እንኳ «አተላዎች» እንደማለት ያለ የስድብ ቃል ነበር፤ እርሱንም የጻፉት በኦ ፋንታ አ አግብተው፣ አበላሽተው ነው። «ደራሲ» የሚለው የሩሲያኛ ቃል በ«ቭ» ይጻፋል፤ ሲነገር ግን «ፍ» ይሰማል። ወጣቶቹ በሚሰማው ድምፅ፣ ያውም «ፍ»ን ደርበው ጻፉት። እንዲህ የተጻፈው ቃል ከዚያ በኋላ ተራ ደራሲ ማለት መሆኑ ቀረና ምስጋናም ፌዝም ያዘለ አዲስ ቃል ሆነ። ጋሳን ጉሴይኖቭ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ነገሩን በንቀት ከማለፍ ይልቅ ስም አወጣለት። መሳሳት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ተነሥቶ «ኤራቲቭ» አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጽሑፍም ጠባዩን ተነተነ። ስሙ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ከስሞታነት ወደ ጥናት ተሸጋገረ።

ከዚያም ወደ ኋላ ቢኬድ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ በቦስተን ከተማ ጋዜጠኞች ዘንድ ተመሳሳይ ፌዝ ነግሦ ነበር። ሐረጎችን መጀመሪያ ፊደላቸውን አሳስተው፣ ከዚያ በምሕጻረ ቃል ይጽፉ ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በዚህ ዓይነት ተበላሽቶ መጋቢት 1839 እ.ኤ.አ. በአንድ የቦስተን ጋዜጣ ላይ ሁለት ፊደል ሆኖ ወጣ። ያ ቃል «ኦኬ» ነው። ፌዙ ሞተ፤ የዘመኑ ጓደኞቹ የሆኑት ምሕጻረ ቃላት አብረው ተቀበሩ፤ ኦኬ ግን ባሕር ተሻግሮ ዛሬ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚያስመዝን ሰው አፍ ላይ ይገኛል። ትክክል ማለት የሆነው ቃል ራሱ እያወቁ ከተሠራ ስሕተት መወለዱን ልብ ይሏል።

እንግዲህ «ኤራቲቭ» የሚለውን ቃል እንደ ለጋሲዮን ገርቶ መቀበል አይቻልም ነበርን? ይቻላል፤ ነገር ግን አይጠቅምም። ለጋሲዮን የቦታ ስም ስለሆነ ጣት ይጠቁምለታል። ለአንድ የአእምሮ ሥራ የሚወጣ ስም ግን ጠቋሚ ጣት የለውም፤ ትርጉሙን በራሱ አካል ውስጥ ካልያዘ ለአማርኛ አንባቢ ደረቅ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚከብድ ሌላም ምክንያት አለ። ይኸውም በሩሲያኛም ሆነ በእንግሊዝኛ እያወቁ መሳሳት የሚሠራበት ስልት በአማርኛ ፈጽሞ የማይሠራ መሆኑ ነው።

ሩሲያዊውና እንግሊዛዊው ሲሳሳቱ በሚሰማው ድምፅ ይጽፋሉ። የሕጉ አጻጻፍ ከድምፁ የራቀ ስለሆነ ድምፁን የተከተለ ሁሉ ሕግ አፍራሽ ሆኖ ይታያል። አማርኛ ግን ከመነሻው የሚጻፈው በሚሰማው ድምፅ ነው። ድምፅ ተከትሎ ማመፅ አይቻልም፤ ድምፁ ራሱ ሕግ ነውና። የአማርኛ አጻጻፍ ከድምፅ የሚለየው በዋናነት በሞክሼ ሆሄያት ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። እዚያ ደግሞ የሚፈርስ አጥር የለም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በሁለቱ ጸና በሦስቱ ሐ ብቻ ቢያፈራርቁት ስድስት መልክ ይወጣዋል፤ ስድስቱንም አንባቢ ቅንድቡን ሳያነሣ ያነባቸዋል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲሉ ሰየሙት። በዐይኑ ዐ የተጻፈው «ዐዲስ» የግእዙን ሥር አጥብቆ የሚይዝ ሊቅ እጅ ነው፤ እዚያው አጠገቡ «የአማርኛ» ማለትን ትቶ «ያማርኛ» ያለው ደግሞ የአፍን ቅልጥፍና የሚያከብር ጆሮ ነው። ከተማይቱ በበኩሏ በየሰሌዳው «አዲስ» እያለች ትኖራለች። ሀዲስ ዓለማየሁ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሄዱ። የፊደል መሻሻል ደጋፊ ነበሩና በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡ ሆሄያት ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። ከእርሳቸው በኋላ ነጥቡን የተከተለ ጸሐፊ ከቶ ጥቂት ነው። ስለዚህ በአማርኛ «ዓለም»ን «አለም» ብሎ የጻፈ ሰው አላዋቂ ይሁን፣ ቸኳይ ይሁን፣ ለውጥ ፈላጊ ይሁን ወይም ፌዘኛ ይሁን ማንም አያውቅለትም። ሕጉን ማንም በማይጠብቀው ደጅ ሕግ መጣስ ትርኢት አይሆንም።

በዚህ ምክንያት የአማርኛው ስሕተተኛ ሌላ በር መፈለግ ነበረበት፤ ያገኛቸውም በሮች የፊደሉን ጠባይ የሚገልጡ ናቸው። «በጣምምም» የሚለው ቃል ይመርመር። እንግሊዛዊ ቃል ሲያስረዝም አናባቢውን ይጎትታል። የአማርኛ ሆሄ ግን ተነባቢና አናባቢን በአንድ አካል ስለያዘ የሚጎተት ጅራት የለውም፤ ያለው ምርጫ ሆሄውን ራሱን መደርደር ነው። አንባቢም እነዚያን ሦስት «ም»ዎች ለየብቻ አያነባቸውም፤ የታሸገ ከንፈር አድርጎ ይሰማቸዋል። የጽሑፉ ገጽ ማጥበቂያ የለውም እየተባለ ስንት ዘመን ሲተከዝ ኖሮ ወጣቱ ያለ አካዳሚና ያለ ነጥብ የራሱን የስሜት ማጥበቂያ ፈጠረ ማለት ነው።

ሌላው በር በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም አቀፉን የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ ዩኒኮድን፣ የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር መልእክት የሚላላኩ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገድደው ነበር፤ ባለሙያዎችም በ1990ዎቹ ለዚሁ የሚሆን ጥንቁቅ ሥርዓት አዘጋጁ። «ተ» በትንሹ ቲ፣ «ጠ» በትልቁ ቲ ይጻፍ፣ ወዘተ. እያለ የሚደነግግ ነበር። የሥርዓቱ የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደሎች ተሰብስበው ሲነበቡ «ሴራ» ይሆናሉ። ስም አውጪዎች ካወጡት ስም ይልቅ ስሙ በሌላው ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም እንደሚያይል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሆነው ሆኖ ሕዝቡ ጥንቁቁን ሥርዓት ተወውና በፈቃዱ መጻፍ ያዘ። «ነው» የሚለው ቃል ኤንና ደብሊዩ የተባሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ሆነ፤ «ሰላም»ም አናባቢዎቹ ተራግፈው በሦስት ተነባቢዎች ቀረ። ግእዝ በዐራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን ገደማ፣ ሆሄያቱን በአናባቢ ከማልበሱ በፊት የሚጻፈው እንዲሁ በተነባቢ ብቻ ነበር። የእጅ ስልኩ ትውልድ ሳያውቀው ወደ ጥንቱ ድንጋይ ተመልሷል።

ቃልን እያወቁ ማበላሸት ራሱ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ባለውቃቢዎችን የምሥጢር አነጋገር ሰብስቧል። ልጆችም በየቃሉ መካከል ድምፅ እየሰነቀሩ «የወፍ ቋንቋ» ይነጋገራሉ። ለእነዚህ ሁሉ ስም አለ። የተለየው ነገር እነዚያ የአፍ ሥራዎች መሆናቸውና ይህ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። የአዝማሪው ቃል የተበላሸው ባዕድ ጆሮ እንዳይሰማው ነው፤ የእጅ ስልኩ ቃል ግን በአብዛኛው የተበላሸው ሁሉም አንብቦ እንዲስቅ ነው።

በአብዛኛው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። የጉዳዩ ክብደት ያለውም በዚህ ላይ ነው። «ሞ*ት»፣ «ገ*ደለ»፣ «ጦ/ርነት» እየተባለ የሚጻፈው ለሣቅ አይደለም። ጸሐፊው የሚሰጋው ሰውን ሳይሆን መኪናን ነው። የማኅበራዊ መገናኛው ድርጅት ያቆመው የማጣሪያ መሣሪያ ቃሉን ለይቶ ጽሑፉን እንዳይደብቅበት ወይም ገቢውን እንዳይቀንስበት በቃሉ ገላ ላይ እንቅፋት ይተክላል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ዘመን አማርኛ በእነዚህ መድረኮች ላይ ምን ይጻፍበት እንደ ነበር ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የድርጅቱን አሠራር ስታጋልጥ ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። አማርኛን ለማጣራት የተነሣ መኪና ሥራው ቀላል አይደለም። «ገደለ» ብሎ አንድ ቃል ቢይዝ «አስገደለ»፣ «ተገዳደሉ»፣ «ሊገድሉን»፣ «እንዳይገድሏቸው» እያለ ከአንድ ሥር የሚፈላው ቃል መቶ ነው። በዚያ ላይ ኮከቡ ሲጨመር መረቡ ይቀደዳል። በቀዳዳውም ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል። አንዱ የሞተበትን ሰው ስም ጠርቶ ማልቀስ የፈለገ ነው። ሌላው ለመግደል የሚቀሰቅስ ነው። የሁለቱም ኮከብ አንድ ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለ። «ሞት» በአማርኛ ሁለት ሆሄ ብቻ ያለው፣ ለአንድ ትንፋሽ የሚበቃ ቃል ነው። በሁለቱ መካከል ኮከብ ሲቆም ዓይን ይደናቀፋል፣ ትንፋሹም ይቆረጣል። አንድ ጊዜ ሲሆን ይህ መደናቀፍ ቃሉን ያከብደዋል፤ በቀን መቶ ጊዜ ሲሆን ግን ዓይን ኮከቡን መዝለል ይለምዳል፣ ከኮከቡም ጋር ሞቱን ይዘላል። ከመኪና ለመሸሽ የተጀመረው ልማድ መኪና በሌለበት ገጽ ላይም እንዳይቀጥል የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ የሚፈለገው ስም ፌዘኛውንም፣ አልቃሹንም፣ ቀስቃሹንም፣ ባለ ድርሰቱንም ማቀፍ የሚችል፣ ማንንም አስቀድሞ የማይኮንንና የማያጸድቅ መሆን አለበት። በዚህ መስፈርት ሲታዩ በቀላሉ የሚታሰቡት ስሞች ይወድቃሉ። «ሆን ተብሎ የተሳሳተ አጻጻፍ» ፍቺ እንጂ ስም አይደለም፤ ሕፃን ሲጠሩ «ትናንት ከወይዘሮ እገሊት የተወለደው» እንደ ማለት ነው። «የፌዝ ፊደል» አልቃሹን ያስቀይማል። «ወልጋዳ ሆሄ» ስድብ ነው። «ሽወዳ» የአራዳ ልጅ ቃል በመሆኑ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን መኪናን ማታለልን እንጂ ወዳጅን ማሣቅን አይገልጥም። «የፊደል ቅኔ» የሚለውን የሚወዱ ብዙዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ነገሩን ያለ ዋጋው ያከብረዋልና። ቅኔ ሰሙን ሳይነካ ከሥሩ ወርቅ ያኖራል፤ «ምርጫ»ን ለውጦ «ቅርጫ» የሚል ፌዘኛም ቢሆን አንዱን ሙሉ ቃል በሌላ ሙሉ ቃል ተካ እንጂ ፊደል አላበላሸም። ለእነዚህ ስም ስላላቸው ሌላ አያስፈልጋቸውም።

ይህ ሂስ የሚያቀርበው ስም «አውቆ ገደፍ» የሚለው ነው። አማርኛ እብድ መስሎ የሚኖረውን ሰው «አውቆ አበድ» ይለዋል። ከግሡ «አበደ» መጨረሻው ተቆርጦ «አበድ» እንደ ሆነ ሁሉ ከ«ገደፈ» «ገደፍ» ይወጣል። መምህራን በየዕለቱ የሚጠሩት «ግድፈት» ከዚሁ ሥር ስለሆነ ቃሉ እንግዳ አይሆንባቸውም። አውቆ አበድ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ ያለው ቦታ ለጉዳዩ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። አንዱ አውቆ አበድ ጤነኛ ቢናገረው የሚያስቀጣውን እውነት ለመናገር ያብዳል፤ ሌላው ከዕዳው ለመሸሽ ያብዳል። ሕዝቡ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቶ ማንነታቸውን በሥራቸው ይመዝናል። አውቆ ገደፍም የተጻፈበት ዓላማ ለብቻው ይመዘን።

ስሙ የሚነቀፍበት ምክንያት አይጠፋም። «ገደፈ» ጾም መሻርንም ያመለክታልና የሰማው ሰው ጾሙን እያወቀ የሚበላ ሰው ይመስለዋል የሚል ይኖራል። መመሰሉ እውነት ነው፤ ጉዳት ግን የለውም። ጾም የማያውቅ አይገድፍም፤ ይበላል እንጂ። አጻጻፍ ያልተማረ ሕፃንም አውቆ ገደፍ ሊሆን አይችልም፤ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። በዚህ በኩል ስሙ ለመምህሩ መመዘኛ ይሰጠዋል። ተማሪው ትክክለኛውን አጻጻፍ በሌላ ገጽ ላይ ጽፎት ከሆነ፣ ስሕተቱም በድርሰቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ካለ፣ አውቆ ገደፍ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ይታገሥ። ካልሆነ ግድፈት ነው፤ ይታረም። ሞክሼ ሆሄያት በዚህ መመዘኛ ከጨዋታው ውጭ ይሆናሉ፤ የጸና ጾም በሌለበት መግደፍ የለምና።

ከፖለቲካው ሰፈር የሚመጣው ጥርጣሬ ከበድ ያለ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መባቻ ዓ.ም. አንዱን መደብ «ላብ አደር»፣ «ወዝ አደር»፣ «ሠርቶ አደር» የሚሉ ስሞች ሲሻሙት አንዱን ቃል መምረጥ የቆሙበትን ሰፈር ማስታወቅ ነበር። አውቆ ገደፍ የሚለውም ስም ነገ ባለሥልጣን ያልወደደውን ጽሑፍ ሁሉ የሚወነጅልበት ዱላ አይሆንም ወይ ይባል ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስም የሌለው ነገር ከዱላ አያመልጥም፤ እንዲያውም ዱላው ሲያርፍበት ምን እንደ ተመታ የሚመሰክርለት ቃል ያጣል።

ስሙን በአዋጅ ማጽናት አይቻልም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብዙ የተደከመባቸው ስያሜዎች አቅርቧል፤ ነገር ግን ስንቱ ከመዝገቡ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ እንደ ገባ በእጅ ጣት ሊቆጠር ይችላል። ቃል የሚጸናው ሲረባ ነው። አውቆ ገደፍ ይረባል። ብዙዎቹ «አውቆ ገደፎች» ይባላሉ፤ ሥራው «አውቆ መግደፍ»፣ የተሠራው «አውቆ ግድፈት» ይባላል። ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን ሲያጠና «እዚህ ጋ አውቆ ገደፍ ነው፣ አታርመው» ብሎ ለአዘጋጁ ቢነግረው አዘጋጁ ፍቺ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

የሚቀረው አንድ ወይስ ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፍ የሚለው ነው። «ወዝ አደር» ብዙ ሳይቆይ በብዙዎች ብዕር «ወዛደር» ሆነ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሰፈርም በአንዱ ሰሌዳ «ላም በረት»፣ በሌላው «ላምበረት» ተብሎ ይነበባል፤ ተሳፋሪው በሁለቱም ይወርዳል። አውቆ ገደፍም ለጊዜው በሁለት ቃል ይጻፍ። አጣብቆ «አውቆገደፍ» ብሎ የሚጽፍ ቢመጣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣት በፊት ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ መጠየቅ ነው።